የጨረር ማስፊያ ኃይል አይጨምርም፤ ታዲያ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ የቅርጽ ሥራ ቤት አለኝ። በ30 ዋት የፋይበር ሌዘር ማሽን ሜዳሊያ፣ የስም ሰሌዳ፣ ብዕርና የቁልፍ መያዣ ላይ እጽፋለሁ። ሌንሱ ላይ 254 የሚል ቁጥር አለ። ትልልቁ ጽሑፍ ጥሩ ይወጣል፤ ከአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል በታች ስወርድ ግን ፊደሎቹ ይደፈናሉ፤ ‹ጨ› ከ‹ጩ›፣ ‹ጠ› ከ‹ጡ› አይለይም። አንድ ዕቃ አስመጪ ‹ቢም ኤክስፓንደር› የሚባል ባለ10 እጥፍ መሣሪያ ባስገጥም የሌዘሩ ኃይል እንደሚጨምር፣ መስመሩ እንደሚቀጥንና ጨረሩ ስለሚሰፋም ለዓይን እንደማያሰጋ ነግሮኛል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ደግሞ ጨረር የሚያሰፋ ዕቃ እንዴት መስመር ያቀጥናል ብሎ ይከራከረኛል። ማንን ልመን? ልግዛውስ?»

ምላሽ፦ አስመጪው ከነገረዎት ሦስት ነገሮች ሁለቱ ሐሰት ናቸው። ሦስተኛው፣ ማለትም መስመሩ ይቀጥናል ያለው፣ በመርህ ደረጃ እውነት ነው፤ እርስዎ ማሽን ላይ ግን አይሠራም። የሥራ ባልደረባዎ ያነሣው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱ እርሱ ከጠበቀው ተቃራኒ መሆኑ ግን ሊገርመው ይችላል።

በኃይሉ ልጀምር። የጨረር ማስፊያ፣ ማለትም አስመጪው ‹ቢም ኤክስፓንደር› ያለው ዕቃ፣ በአንድ ቱቦ ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሌንሶች ናቸው። ኤሌክትሪክ የለውም፤ ብርሃን አያመነጭም። ስለዚህ ከገባበት በላይ ሊያወጣ አይችልም፤ እንዲያውም ጥቂት ይበላል። ፀረ ነጸብራቅ ሽፋን ያልተቀባ የሌንስ ገጽ ከሚደርስበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን መልሶ ያንጸባርቃል። ሁለት ሌንስ አራት ገጽ ስላለው 15 በመቶ ያህሉ መንገድ ላይ ይቀራል ማለት ነው። ለሌዘርዎ የሞገድ ርዝመት፣ ለ1064 ናኖ ሜትር፣ ተብሎ በተቀባ ሌንስ ኪሳራው በጣም ይቀንሳል እንጂ ወደ ትርፍ አይለወጥም። ኃይል ይጨምራል ብሎ የሚሸጥልዎ ሰው ወይ ዕቃውን አያውቀውም፣ ወይ እርስዎ አያውቁትም ብሎ ገምቷል።

መሣሪያው በመሠረቱ ተገልብጦ የተቀመጠ ቴሌስኮፕ ነው። በቴሌስኮፕ ስናይ ብርሃኑ በሰፊው ሌንስ ገብቶ በጠባቡ ይወጣል፤ በጨረር ማስፊያ ደግሞ በጠባቡ ገብቶ በሰፊው ይወጣል። ሁለት ዓይነት አሠራር አለ፤ ሁለቱም ከሌዘር መፈጠር 350 ዓመት ያህል ይቀድማሉ። በጋሊሊዮ ስም በሚጠራው ዓይነት የመጀመሪያው ሌንስ በታኝ፣ ሁለተኛው ሰብሳቢ ነው። ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1611 የገለጸው ሁለተኛው ዓይነት ግን በሁለቱም በኩል ሰብሳቢ ሌንስ አለው። ምን ያህል እጥፍ እንደሚያሰፋ ማወቅ ቀላል ነው፤ የሁለተኛውን ሌንስ የትኩረት ርቀት ለመጀመሪያው ማካፈል ነው። ባለ20 ሚሊ ሜትር በታኝና ባለ100 ሚሊ ሜትር ሰብሳቢ ሌንስ በ80 ሚሊ ሜትር ርቀት ቢያስቀምጡ ጨረሩ 5 እጥፍ ይሰፋል። ሁለቱም ሰብሳቢ ቢሆኑ እጥፉ ያው 5 ነው፤ ርቀታቸው ግን 120 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የርዝመት ብቻ አይደለም። በኬፕለሩ ውስጥ ጨረሩ መጀመሪያ ተሰብስቦ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኝና ከዚያ ይሰፋል። ለላቦራቶሪ ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ነጥቡ ላይ ደቃቅ ቀዳዳ ያለው ሳህን ቢያስቀምጥ ዝብርቅርቁ ብርሃን በሳህኑ ላይ ቀርቶ ንጹሑ ጨረር ብቻ ያልፋል። ሆሎግራም፣ ማለትም በሌዘር የሚነሣ ጥልቀት ያለው ምስል፣ የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይጠቀሙበታል። ብርሃኑን በአጫጭር ምት የሚለቅ ኃይለኛ ሌዘር ላይ ግን ያው ነጥብ ጠላት ይሆናል፤ ብርሃኑ ከመጠን በላይ ስለሚታመቅ አየሩን እስከ መበጣጠስና ብልጭታ እስከ መፍጠር ይደርሳል። ስለዚህ ለብረት መቅረጫና መቁረጫ ማሽኖች የሚመረጠው የጋሊሊዮው ነው።

ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ብዙ ሰው የሌዘር ጨረር ሳይሰፋ እስከ ዓለም ዳርቻ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለዋል። አይሄድም። ማንኛውም ጨረር ከወጣ በኋላ ይበተናል፤ የሚበተንበት ማዕዘን ደግሞ ሲወጣ ከነበረው ስፋት ጋር በተቃራኒው ይያያዛል። ጠባብ ሆኖ የወጣ ቶሎ ይሰፋል፣ ሰፊ ሆኖ የወጣ ቀስ ብሎ ይሰፋል። የስፋቱና የማዕዘኑ ብዜት ምንም ዓይነት ሌንስ ቢደረደር ከነበረበት አይወርድም። ማስፊያው የሚያደርገው ይህንን ብቻ ነው፦ ስፋቱን 10 እጥፍ ሲያሳድግ ማዕዘኑን ወደ አንድ አሥረኛ ያወርዳል። አንዱን ሰጥቶ ሌላውን ይቀበላል እንጂ በነጻ የሚገኝ ነገር የለም።

በቁጥር እንየው። 532 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው አረንጓዴ ሌዘር 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ይዞ ቢወጣ፣ ምንም እንከን የሌለበት ጨረር ቢሆን እንኳ፣ 1 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ 68 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል። በ10 እጥፍ ማስፊያ አልፎ 1 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ቢወጣ ግን እዚያው ርቀት ላይ ስፋቱ 7 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ርቀት በሌዘር የሚለኩ፣ በአየር ላይ መልእክት በጨረር የሚልኩ፣ ከባቢ አየርን በሌዘር የሚመረምሩ ሁሉ ማስፊያ የሚጠቀሙት ለዚህ ነው።

ነገሩ ዳር ድንበሩን የሚነካው ጨረቃ ላይ ነው። አፖሎ 11 እ.ኤ.አ. በ1969 ጨረቃ ላይ ካስቀመጣቸው ዕቃዎች አንዱ ብርሃንን ወደ መጣበት የሚመልስ ባለ100 ፕሪዝም ሰሌዳ ነበር፤ ዛሬም ይሠራል። ያንን የ1 ሚሊ ሜትር አረንጓዴ ጨረር በቀጥታ ወደ ጨረቃ ብንልከው ሲደርስ 260 ኪሎ ሜትር ስፋት ይኖረዋል፤ ከሰሌዳው የሚመለሰው ብርሃንም ተፈልጎ የማይገኝ ይሆናል። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ የሚገኘው የአፓቼ ፖይንት መመልከቻ ጣቢያ ይህንን የፈታው ባለ3.5 ሜትር ቴሌስኮፑን ራሱን የጨረር ማስፊያ አድርጎ ነው። ጨረሩ ቴሌስኮፑን ሞልቶ ይወጣና ጨረቃ ላይ ሲያርፍ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በስሌት ብቻ ከሄድን ከመቶ ሜትር በታች መሆን ነበረበት፤ 2 ኪሎ ሜትር ያደረገው የምድር አየር መናወጥ ነው። ይህንን ያነሣሁት ለወሬ ማጣፈጫ አይደለም። ማስፋት ወሰን እንዳለው፣ ከወሰኑ በኋላ የሚጨመር ስፋት ሁሉ ባዶ ወጪ እንደሆነ ያሳያል። የእርስዎ ማሽንም ወሰን አለው፤ እርሱም ከአየሩ በጣም ይቀርባል።

እንግዲህ የባልደረባዎ ጥያቄ፦ የሚያሰፋ ዕቃ እንዴት ያቀጥናል? ማስፊያው ብቻውን አያቀጥንም። ከፊቱ ሰብሳቢ ሌንስ ሲኖር ግን ያቀጥናል። ሌንስ ጨረርን ሲሰበስብ በሾጣጣ ቅርጽ ወደ አንድ ነጥብ ያወርደዋል። ሌንሱ ላይ ያረፈው ጨረር ሰፊ ሲሆን ሾጣጣው ተገልብጦ እንደተቀመጠ የጎጆ ክዳን ሰፋ ብሎ ይጀምራል፤ ጫፉም ደቃቅ ይሆናል። ጠባብ ጨረር ግን ረጅምና ቀጭን ሾጣጣ ይሠራል፤ ጫፉ ደንደን ያለ ነው። የነጥቡ ስፋት በሌንሱ የትኩረት ርቀት ልክ ያድጋል፣ ሌንሱ ላይ ባረፈው ጨረር ስፋት ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ጨረሩን እጥፍ ማስፋት ነጥቡን በግማሽ ያቀጥነዋል።

ዋጋው ግን የሚከፈለው በጥልቀት ነው። ነጥቡ በግማሽ ሲቀጥን መስመሩ ጥርት ብሎ የሚቆይበት ከፍታ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ይህ ብዙ አያስቸግርም። ክብ ብዕር፣ የጎበጠ ቁልፍ መያዣና ወፍራም ሜዳሊያ ላይ ግን መሐሉ ጠርቶ ዳሩ ይደበዝዛል። አንዳንድ ሰው አዲስ ሌንስ ገዝቶ «ከድሮው ባሰብኝ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ማሽን። የፋይበር ሌዘር መቅረጫዎች አብዛኞቹ ከምንጩ ጫፍ ላይ ጨረሩን የሚያስተካክል ሌንስ አብሮ ተሠርቶባቸዋል፤ ጨረሩ ሲወጣ ቀድሞውኑ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ጨረሩን ወዲያና ወዲህ የሚያዞሩት የጋልቮ አንጸባራቂዎች ደግሞ በተለመዱት ማሽኖች የ10 ሚሊ ሜትር መክፈቻ አላቸው። እንግዲህ ያስቡት፦ 7 ሚሊ ሜትር ጨረር በ10 እጥፍ ቢሰፋ 70 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በ10 ሚሊ ሜትሩ መክፈቻ የሚያልፈው 4 በመቶ ገደማ ነው። ቀሪው የሚያርፈው በጋልቮው ቤት፣ በሽቦውና በማጣበቂያው ላይ ነው። አስመጪው ሊሸጥልዎ ያሰበው መስመር ማቅጠኛ ሳይሆን የማሽን ማቃጠያ ይሆን ነበር።

«ታዲያ 1.5 እጥፍ ብቻስ?» ይሉ ይሆናል። እርሱም አያዋጣም። የጨረር ስፋት ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ብርሃኑ ሁሉ የሚያበቃበት ዳር አይደለም፤ ከዚያ ውጭ 13.5 በመቶ ያህል ብርሃን ይቀራል። ለዚህ ነው መክፈቻው ከጨረሩ አንድ ተኩል እጥፍ እንዲሰፋ የሚመከረው። የ7 ሚሊ ሜትር ጨረር በ10 ሚሊ ሜትር መክፈቻ ሲያልፍ ከ2 በመቶ በታች ነው የሚቆረጠው፤ ልክ ቦታው ላይ ነው ማለት ነው። በ1.5 እጥፍ ብታሰፉት 16 በመቶ ያህሉ ይቆረጣል፤ የተቆረጠ ጨረር ደግሞ ነጥቡ ዙሪያ ቀለበት እየሠራ ጽሑፉን ያበላሻል። ማሽንዎ ሊሸከም የሚችለውን ስፋት አስቀድሞ ይዞታል።

ችግሩ ያለው ሌንሱ ላይ ነው። 254 የሚለው ቁጥር የትኩረት ርቀቱ ነው፤ ይህ ሌንስ የተሠራው 175 በ175 ሚሊ ሜትር የሚሆን ሰፊ ሜዳ ላይ ለመጻፍ ነው። በ7 ሚሊ ሜትር ጨረርና ለእንዲህ ያለ ምንጭ በተለመደ የጨረር ጥራት ሳሰላው ነጥቡ 74 ማይክሮን ያህል ይሆናል (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው)። ወደ ባለ160 ሌንስ ቢዛወሩ 46 ማይክሮን፣ ወደ ባለ100 ቢወርዱ 29 ማይክሮን ይሆናል። ሜዳው እንደ ቅደም ተከተሉ ወደ 110 እና ወደ 70 ሚሊ ሜትር ይጠብባል። ጥርት የሚልበት ከፍታም እንዲሁ፦ በ254ቱ ከላይም ከታችም 2.7 ሚሊ ሜትር፣ በ160ው 1 ሚሊ ሜትር፣ በ100ው 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ።

አንድ ሚሊ ሜትር ከፍታ ባለው ‹ጩ› ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልንገርዎ። ሶፍትዌሩ የፊደሉን ዳር ተከትሎ ጨረሩን ይነዳል፤ ጨረሩ ግን ውፍረት ስላለው ግማሹ ከዳሩ ወደ ውጭ ይወጣል። በ74 ማይክሮን ነጥብ እያንዳንዱ ዳር በ37 ማይክሮን ወደ ውጭ ይገፋል፤ በሁለት እግሮች መካከል ያለ ክፍተትም ከሁለት በኩል ተገፍቶ 74 ማይክሮን ያጣል። ክፍተቱ መጀመሪያውኑ 100 ማይክሮን ከነበረ የሚቀረው ሩቡ ነው፤ እርሱንም ሙቀቱ ይደፍነዋል። የላቲን ፊደል በዚያው ከፍታ በቀላሉ ይነበባል። የእኛ ፊደል ግን ልዩነቱ ሁሉ በአንዲት ቅጥያ ላይ ስለሆነ ችግሩ ቀድሞ የሚታየው በአማርኛ ጽሑፍ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፦ ማስፊያውን አይግዙ። ገንዘብዎን በባለ160 ሌንስ ላይ ያውሉ፤ ለብዕርና ለቁልፍ መያዣ ሜዳው ይበቃል፣ ጥልቀቱም ለክብ ዕቃ ይታገሣል። ባለ100ው የሚያስፈልገው ጠፍጣፋ ነገር ላይ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች የሚጽፍ ሰው ነው። 254ቱን አይሽጡት፤ ለትልልቅ ሰሌዳ ይፈልጉታል። ሌንሱ ሲቀየር የማሽኑ ከፍታና የሶፍትዌሩ የሜዳ ማስተካከያም አብረው መቀየር አለባቸው፤ አለበለዚያ ካሬ የሳሉት ጎባጣ ሆኖ ይወጣል።

ሌንስ ከመግዛትዎ በፊት ግን ምንም ወጪ የሌላቸውን ነገሮች ይሞክሩ፤ ግማሹ ችግር እዚያው ሊያልቅ ይችላል። ቀለም የተቀባ የአሉሚኒየም ሰሌዳ በአንድ በኩል ከፍ አድርገው አጋድመው ያስቀምጡና ትይዩ መስመሮች ይጻፉበት፤ በጣም የቀጠነው መስመር ያረፈበት ከፍታ እውነተኛው ትኩረትዎ ነው። ማሽኑ ላይ በማስመሪያ ከተለጠፈው ምልክት ሲለይ ማየት የተለመደ ነው። ቀጥሎ የሌንሱን የታችኛውን ገጽ ይመልከቱ፤ የብረት ጭስ የተቀባበት ሌንስ ምንም ቢሆን አይጠራም። ከዚያ ኃይሉን ይቀንሱ። የጨረሩ ብርታት ከመሐል ወደ ዳር እየሳሳ የሚሄድ ስለሆነ ኃይል ሲበዛ ዳሩም ብረቱን መቅረጽ ይጀምራል፤ በትንሽ ፊደል ላይ ከ30 ዋቱ ሁሉንም መልቀቅ መስመር ማወፈር ነው። በመጨረሻም ሶፍትዌሩ የፊደሉን ዳር ወደ ውስጥ የማስገባት አማራጭ ካለው የነጥቡን ግማሽ ያህል ያስገቡት። ይህ ብቻውን ‹ጩ›ን ከ‹ጨ› ሊለይልዎ ይችላል።

ማስፊያ የሚያስፈልጋቸው ማሽኖች የሉም ማለቴ አይደለም። ፕላስቲክና ብርጭቆ ላይ የሚጽፉት ባለ355 ናኖ ሜትር አልትራቫዮሌት ሌዘሮች ጨረራቸው ከምንጩ ሲወጣ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ሊሆን ይችላል፤ ያለ ማስፊያ ሌንሱን አይሞሉትም። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘርም ይሠራበታል፤ የእርሱ የሞገድ ርዝመት 10.6 ማይክሮን ስለሆነ ግን በተራ ብርጭቆ አያልፍም፤ ሌንሱ ከዚንክ ሴሌናይድ የተሠራ መሆን አለበት። አንድ ቀን እንዲህ ያለ ማሽን ከገዙ ደንቡ ይህ ነው፦ የጋልቮውን መክፈቻ ለአንድ ተኩል ያካፍሉ፣ የተገኘውን ምንጩ በሚሰጠው የጨረር ስፋት ያካፍሉ፤ የሚያስፈልገው እጥፍ ያ ነው። ሽፋኑ ለዚያው የሞገድ ርዝመት የተቀባ፣ ዓይነቱም የጋሊሊዮ ይሁን። ርካሽ ሌንሶችን ገዝቶ ራስ መግጠምም ይቻላል የሚሉ አሉ። በላቦራቶሪ ጠረጴዛ ላይ አዎን፤ 30 ዋት ላይ አይሆንም። ሽፋን ከሌለው ገጽ የሚመለሰው 4 በመቶ አንድ ዋት ከሩብ ገደማ ነው፤ የት እንደሚያርፍ ማንም አይነግርዎትም።

የዓይኑ ጉዳይ ከሁሉም ይበልጥ ያሳሰበኝ ነው። ጨረር ሲሰፋ በአንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርታት መቀነሱ እውነት ነው፤ 5 እጥፍ ቢሰፋ ብርታቱ 25 ጊዜ ይቀንሳል። ግን መበተኑም አብሮ ስለሚቀንስ አደጋው ራቅ ያለ ቦታ ድረስ ይዘልቃል። 5 ሚሊ ዋት ብቻ ያለው አረንጓዴ ጠቋሚ፣ 1 ሚሊ ሜትር ጨረር ይዞ፣ ዓይንን ሊጎዳ የሚችልበት ርቀት በግምት 22 ሜትር ነው፤ በ10 እጥፍ ማስፊያ ሲያልፍ በብዙ እጥፍ ያድጋል። የእርስዎ ሌዘር ደግሞ ከዚህ ጠቋሚ 6,000 ጊዜ ይበረታል፤ ማስፊያ ቢገጠምለትም ባይገጠምለትም ያለው በከፍተኛው የአደጋ ምድብ፣ በአራተኛው ነው። 1064 ናኖ ሜትር ለዓይን አይታይም፤ ዓይን ግን ያሳልፈውና የውስጡ ሌንስ ሬቲና ላይ፣ ማለትም ብርሃን በሚቀበለው የዓይን የኋላ ክፍል ላይ፣ ይሰበስበዋል። ስላላዩት አይጨፍኑም። ማሽኑ ላይ የሚያዩት ቀይ ነጥብ ቦታ ማመልከቻ ብቻ ነው፤ እርሱ ሲጠፋ ሌዘሩ ጠፍቷል ማለት አይደለም።

ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር የሚሸጠው ጥርት ያለ ፕላስቲክ መነጽርና መከለያ ይህንን ጨረር እንደሌለ አድርጎ ያሳልፈዋል። መነጽሩ ላይ 1064 የሚለው ቁጥር በግልጽ የተጻፈና ጨረሩን የማገድ መጠኑ (‹ኦዲ› ተብሎ የሚጻፈው) 6 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ አንዱ ለእርስዎ፣ አንዱ ለባልደረባዎ፣ አንዱም ሥራ ሊያሠራ መጥቶ ከጎን ቆሞ ለሚመለከት ደንበኛ። ሌንስ በሚቀይሩበት ጊዜ ደግሞ ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም።